የማልታው ጭልፊት (1941)፦ ስክሪፕቱ፣ ወፉና የጋትማን ክፍል ቀረጻ

ቤዛ_ፊልም

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ስለ ጆን ሂውስተን «የማልታው ጭልፊት» የሚጻፈው አብዛኛው የተዋናዮች ወሬ ነው። እኔ የምፈልገው የሥራውን ነው፤ አጭር የወንጀል ልብ ወለድ ወደ ፊልም ለመቀየር ለሚዘጋጅ አነስተኛ ቡድን የሚጠቅም ነገር።

የዳሽል ሃሜት መጽሐፍ እንዳለ ተገልብጦ ስክሪፕት ሆነ ይባላል። እውነት ከሆነ ምን ቀረ፣ ምንስ ተጨመረ? በፊልሙ ውስጥ ሁሉም የሚያሳድዱት የጭልፊት ሐውልት፣ ወፉስ ከምን ተሠራ? ያን ያህል ከባድ መሆኑ ለምን አስፈለገ? ደግሞ ወፉን በሚያሳድደው በወፍራሙ ሰው በጋትማን ሆቴል ክፍል ውስጥ ካሜራው ሳይቋረጥ ሰዎቹን ተከትሎ የሚዞርበትን ቀረጻ የሚያብራራልኝ ባገኝ። በአንድ ካሜራና በአምስት ስድስት ሰው የሚሞከር ነው?

ከ1931ዱ ፊልም ጋር የሚያወዳድርልኝ ካለም ምስጋናዬ ብዙ ነው።

የመዝገብ_ሰው

ሰላም ቤዛ። እኔ ስክሪፕቱን ልያዝ፤ ወፉን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«እንዳለ ተገለበጠ» የሚባለው ነገር የመጣው አለን ሪቭኪን ከተባለው የፊልም ጸሐፊ ነው። ሂውስተን ያኔ የዋርነር ብራዘርስ ስክሪፕት ጸሐፊ እንጂ ዳይሬክተር አልነበረም። ሪቭኪን እንደተረከው፣ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት መጽሐፉን ለቢሮ ጸሐፊዋ ሰጥተው በትዕይንት ከፋፍላ፣ ንግግሩን ሳትነካ እንድትተይበው አደረጉ። ያ ወረቀት የስቱዲዮው አለቃ ጃክ ዋርነር እጅ ገባ፤ ወደደውና ቅረጹት አለ።

ይህ ዘዴ ለምን እንደሠራ ካልተረዳን ግን ታሪኩ አሳሳች ነው። ሃሜት ይህን መጽሐፍ ሲጽፍ አንድም ጊዜ የመርማሪው የሳም ስፔድ ጭንቅላት ውስጥ አልገባም። ሰውዬው ሲጋራውን ሲጠቀልል፣ ዓይኑን ሲያጠብ፣ ሲስቅ እናያለን፤ ምን እንዳሰበ ግን አይነገረንም። ስለዚህ መጽሐፉ ገና ከመነሻው የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ ነው። መርማሪው «እኔ» እያለ ሐሳቡን በሚተርክበት መጽሐፍ ላይ ይህን ዘዴ ብትሞክሪው ግማሹ ገጽ ባዶ ይሆንብሻል፤ ወይ ከጀርባ ድምፅ ታበዢያለሽ፣ ወይ መርማሪው ለሰው ሁሉ ሐሳቡን የሚያወራ ለፍላፊ ይሆናል። ለመቀየር የያዛችሁት ልብ ወለድ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ቀድማችሁ ለዩ።

የቀረውን ልንገርሽ። የጋትማን ልጅ ሪያ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች። ስፔድ ለደንበኛው ለብሪጂድ የሚተርክላት የፍሊትክራፍት ታሪክም የለም፤ ከሕንፃ የወደቀ እንጨት ለጥቂት ስቶት ቤተሰቡን ጥሎ የጠፋው ሰውዬ ማለቴ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ምርጥ ከሚባሉት ገጾች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ሴራውን በአንድ እርምጃም አያራምድም፣ በፊልም ደግሞ አንድ ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ማየት ይሆናል። ልብ የሚነካ ቢሆንም መውጣቱ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

የተጨመረው ትልቁ ነገር የስፔድ ባልደረባ የማይልስ አርቸር መገደል ነው። መጽሐፉ ውስጥ ስፔድ በስልክ ነው የሚሰማው፤ ፊልሙ ግን ያሳየናል። ሽጉጥ በምስሉ ጠርዝ ብቅ ይላል፣ አርቸር ፊቱ ይለወጣል፣ ይወድቃል። ተኳሹ አይታይም። ስፔድ የሌለበት ትዕይንት ይኸው ብቻ ነው፤ በቀረው ፊልም ሁሉ እሱ የማያውቀውን እኛም አናውቅም። መርማሪ ፊልም ላይ ይህን ሕግ ማፍረስ ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ወንጀለኞቹ ብቻቸውን ሲነጋገሩ ካሳየሽ ተመልካቹ ከመርማሪው ይቀድማል፣ ከዚያ በኋላ እየጠበቀው ይሰለቻል።

ወጪውን ካነሳን፣ የተመደበው 381,000 ዶላር ነበር። ቀረጻው ሰኔ 9 ቀን 1941 ተጀምሮ ሐምሌ 18 አለቀ፤ ከታቀደው 2 ቀን ቀድሞ፣ 54,000 ዶላር ያህል ተርፎ። ምክንያቱ የተዋናዮቹ ችሎታ ብቻ አይደለም። ሂውስተን የእያንዳንዱን ሾት (ሳይቋረጥ የሚቀረጽ ምስል) ንድፍ በእጁ ስሎ ነበር፤ ሥዕሎቹንም ለዳይሬክተሩ ለዊልያም ዋይለር አሳይቶ አስተያየት ተቀብሏል። ጠዋት ስቱዲዮ ሲገባ ካሜራው የት እንደሚቆም ይታወቃል።

በቅደም ተከተል መቅረጹም ይነሳል። ይህ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ይበላል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጨረስ ትተሽ ደጋግመሽ ትመለሺበታለሽና። እነሱ የቻሉት ታሪኩ በጥቂት ክፍሎች ስለሚያልቅና ክፍሎቹ በርባንክ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠሩ ስለነበሩ ነው። ማታ ዘግተሽ ጠዋት የምትከፍቺው የራስሽ ቤት ከሆነ ሞክሪው። በቀን የተከራየሽው ቤት ከሆነ ግን እንዳታስቢው።

ከ1931ዱ ጋር ስናወዳድር፦ ሮይ ዴል ሩዝ ያዘጋጀው፣ ሪካርዶ ኮርቴዝ ስፔድን የሠራበት ነው። ርዝመቱ 80 ደቂቃ ገደማ፤ የሂውስተኑ 100 ገደማ። የ1931ዱ ስፔድ ሴት አሳዳጅ ፈገግተኛ ነው፣ ጨዋታው ሁሉ እዚያ ላይ ይሄዳል። በመሀል በ1936 ቤቲ ዴቪስ ያለችበት ወደ ቀልድ ያዘነበለ ሁለተኛ ቅጂ ወጥቷል፤ ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም። ጆርጅ ራፍት የስፔድን ሚና አልሠራም ያለውም በዚሁ ሰበብ ነው፤ በውሉ ላይ ቀድሞ የተሠራን ፊልም ዳግም ያለመሥራት መብት ነበረው፣ ዳይሬክተሩም አዲስ ነው። ሰኔ 6 ለዋርነር በጻፈው ደብዳቤ «አስፈላጊ ፊልም አይደለም» አለ። ቀረጻ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ስፔድን የሠራው ሃምፍሪ ቦጋርት የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ሻጋታና_ሰም

ወፉን እኔ ልመልስ።

ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀራጩ የሎስ አንጀለሱ ሠዓሊ ፍሬድ ሴክስተን እንደሆነ ይጠቀሳል። አንድ ብቻ አልነበረም፤ ከእርሳስ ብረት የተቀለጡም ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተሞልቶ ከሚጠነክር ነገር) የተሠሩም አሉ። የእርሳሱ 45 ፓውንድ፣ ማለትም ከ20 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። የሬዚኑ 5 ፓውንድ ገደማ፣ ከ2 ኪሎ ብዙም አያልፍም።

ሒሳቡን እንየው። 20.5 ኪሎን በእርሳስ እፍጋት፣ በ11.3 ስናካፍል 1.8 ሊትር ይወጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው፣ ክንፉን ለሰበሰበ ወፍ ይህ ሙሉ ይዘቱ ነው፤ ስለዚህ እርሳሱ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። ያንኑ 1.8 ሊትር በሬዚን ብትሞዪው 2 ኪሎ ያህል ይሆናል፣ ያም ከሬዚኑ ክብደት ጋር ይገጥማል። ድፍን ወርቅ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ 35 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ጋትማን 17 ዓመት ሙሉ ወፉን ሲያሳድድ አንድ የሱቅ ሚዛን ይዞ ቢዞር ኖሮ ቢላዋ ባላስፈለገው።

እርሳስ የተመረጠው ታሪኩ ስለሚለው ነው፤ ጋትማን ጥቁሩን ቀለም በኪስ ቢላዋ ሲፍቀው ከሥሩ እርሳስ ይወጣል። ግን ለትወናውም ጠቅሟል። መጨረሻ ላይ ፖሊሱ ፖልሃውስ አንሥቶት «ከባድ ነው፤ ምንድን ነው?» ይላል። ይህን ንግግር 2 ኪሎ ዕቃ ይዞ የሚለውን ተዋናይ ተመልከቺ፦ ክንዱን ያስጨንቃል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ትከሻው ግን አይወርድም። ሸክም የሚታወቀው በትከሻና በወገብ ነው። ጣት ላይ ማስመሰል ይቻላል፤ እዚያ ግን አይቻልም።

የእርሳስ ጉዳቱ ለስላሳ መሆኑ ነው። ከወደቀ ይጣመማል። በኅዳር 2013 በቦንሃምስ ጨረታ የተሸጠው ወፍ የጅራቱ ላባ የታጠፈ ነው። ዋጋው 4,085,000 ዶላር ነበር። ሌላው፣ የቢላዋ ጭረት ያለበት፣ በ1994 ክሪስቲስ ላይ በ398,500 ዶላር ሄዷል። ልዩነቱ ያስገርማል፤ የፊልም ዕቃ ሰብሳቢዎች ገበያ በ20 ዓመት የት እንደደረሰ ያሳያል።

ለእናንተ ግን እርሳስ አታቅልጡ። በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ቀላል ይመስላል፤ ጭሱና ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ግን መርዝ ነው፣ ተዋናዩም በባዶ እጁ ይይዘዋል። ይህን አድርጉ፦ ወፉን በሸክላ ጭቃ ቅረጹ፣ በሁለት ክፋይ የሲሊኮን ሻጋታ አውጡለት፣ ከዚያ ሬዚን ሙሉ። ለክብደት ትንንሽ የብረት ኳሶች ጨምሩ። 1.2 ሊትር የሚሆን ኳስ 5.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከሬዚኑ ጋር 6.5 ኪሎ ታልፋላችሁ። ትከሻን ለማውረድ ይህ ይበቃል። ኳሱ ወደ መቀመጫው ይውረድ፤ ጭንቅላቱ ላይ ከከበደ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይንገዳገዳል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ሬዚኑን በአንድ ጊዜ መሙላት። ሲጠነክር ሙቀት ያመነጫል፣ ብዛት ካለው ራሱን ያፈላና ይሰነጠቃል። በ2 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ሙሉ፣ እያንዳንዱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ቀለሙን ደግሞ አንጸባራቂ ጥቁር አታድርጉት፤ የመብራቱን ቅርጽ ሁሉ መስታወት ሆኖ ያሳያል። ግማሽ አንጸባራቂ ይሁን።

ለሚፋቀው ትዕይንት የተለየ ወፍ ያስፈልጋል። ደረቱ ላይ ብርማ ግራጫ ቀለም ቀቡ፣ በላዩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል በጥቁር የዘይት ቀለም የተለወሰ ሰም ደርቡ። የሻማ ሰም ብቻውን ተሰባሪ ነው፣ ቢላዋ ሲነካው እንደ ቅርፊት ይረግፋል። የንብ ሰም እኩል በእኩል ከተደባለቀበት ተላጭቶ ይጠቀለላል፣ ካሜራ የሚወደውም ያንን ነው። ለእያንዳንዱ ቴክ (ድጋሚ ቀረጻ) አዲስ ሰም መደረብ ስላለበት ቀልጦ የተዘጋጀ ሰም ከጎን ይኑር።

ሌንስ_25

ሻጋታና ሰም ሁሉን ጨርሶታል፤ ለእኔ የቀረችው ካሜራዋ ናት።

የካሜራ ባለሙያው አርተር ኤደሰን ነው። የጋትማንን ክፍል ቀረጻ የስክሪፕት ተቆጣጣሪዋ ሜታ ዋይልድ ተርካዋለች፦ ሁለት ቀን ልምምድ፤ ካሜራው ጋትማንን የሚሠራውን ሲድኒ ግሪንስትሪትንና ቦጋርትን ተከትሎ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው፣ ከዚያ በረጅም ኮሪደር ወደ ሳሎን፤ እዚያም ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ በመድኃኒት የደነዘዘውን የቦጋርትን ፊት ይይዛል፣ ከዚያ በቦጋርት ዓይን የግሪንስትሪትን ግዙፍ ሆድ። አንዱ ከተሳሳተ ከመጀመሪያው።

«ከመጀመሪያው» ማለት በዚያ ዘመን ምን እንደሆነ ልብ በሉ። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ይሮጣል፤ 1,000 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ የሄደ ሾት መጨረሻው ላይ ቢበላሽ 450 ጫማ ተጣለ። ስለዚህ ያለ ፊልም አስቀድሞ በደንብ መለማመድ ይጠቅማል።

ሾቱ ለጌጥ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ትዕይንቱ ምን እንደሆነ እዩ፦ ጋትማን የወፉን ታሪክ እያስረዘመ የሚተርከው መድኃኒቱ ስፔድን እስኪይዘው ጊዜ ለመግዛት ነው። ካሜራው ቶሎ ቶሎ ቢቆራረጥ ያ መጠበቅ ይጠፋል። ግሪንስትሪት 61 ዓመቱ ነበር፣ ዕድሜ ልኩን የመድረክ ሰው፣ ይህ ደግሞ የመጀመሪያ ፊልሙ። ረጅም ንግግር ሳይቋረጥ መሸከም የለመደው ነው። ካሜራውን ዝቅ አድርገው ከታች ሲያዩት ሆዱ ክፍሉን ይሞላዋል።

ካሜራ ዝቅ ሲል ጣሪያ ይታያል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በስቱዲዮ ክፍሎች ላይ ጣሪያ የማይኖረው መብራቱም ማይክሮፎኑም ከላይ ስለሚንጠለጠሉ ነው። ጣሪያ ሲመጣ መብራቱ ወደ ወለል ወይ ወደ መስኮት ይወርዳል፣ ጥላው ይረዝማል። እውነተኛ ቤት ውስጥ ለምትቀርጹት ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ጣሪያችሁ ቀድሞም አለ።

በአንድ ካሜራ ይሞከራል ወይ ላልሽው፣ አዎ። ሱፐር 35 ሴንሰር ላይ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 5.6 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠብባል) አድርጊ። ትኩረቱን 4.5 ሜትር ላይ ብትቆልፊው ከ2.3 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቁ ጥርት ይላል። ለሆዱና ለፊቱ ብቻ የሌንሱን ትኩረት የሚያስተካክል ረዳት ያስፈልግሻል፤ ለቀረው መንገድ አትጨነቂ። ዋጋው ብርሃን ነው፣ ከኤፍ 2 ጋር ሲነጻጸር ስምንት እጥፍ ያህል ትፈልጊያለሽ።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጊው። ተዋናዮቹ ያለ ካሜራ ይለማመዱ፣ የቆሙበት ሁሉ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግ። ቀጥሎ ካሜራው ይግባ። መብራት ከዚያ በኋላ። የማይክሮፎን ዘንግ የያዘው ልጅ መጨረሻ ይምጣ፤ የእሱ ጥላ የት እንደሚወድቅ የሚታወቀው መብራቱ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ቡድን ይህን ገልብጦ መብራት ያስቀድምና ካሜራው ሲዞር የራሱን መብራት ማቆሚያ ይቀርጻል። ሆዱ ምስሉን ሲሞላ ደግሞ ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሾቱን ለሁለት ቆርጠሽ መቀጠል ከፈለግሽ የመቁረጫ ቦታሽ ተገኘ።

ከዚህ ሾት ይልቅ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ግን የስልኩ ሾት ነው፣ ማንም አያነሳውም። አርቸር ከተገደለ በኋላ ሌሊት፣ የስፔድ መኝታ ቤት። ካሜራው ስልኩ ላይ ነው፣ ከጀርባው መስኮት፣ መጋረጃው በነፋስ ይንቀሳቀሳል። ይጮኻል፤ እጅ መጥቶ ይወስደዋል። ካሜራው አይከተለውም። ባዶውን ቦታና መጋረጃውን እያየን የስፔድን ድምፅ እንሰማለን፤ ስልኩ ተመልሶ ይቀመጣል፣ መብራት ይበራል። ያለ ዶሊ (የካሜራ ጋሪ)፣ ያለ ሁለተኛ ሾት። ሰውዬው ለባልደረባው ሞት ፊቱ ምን እንደሚመስል አለማየታችን እስከ መጨረሻው እንድንጠረጥረው ያደርገናል።

ቤዛ_ፊልም

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሌንስ_25፣ የስልኩን ሾት ስንት ጊዜ አይቼው አላስተዋልኩትም ነበር።

አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። በመጽሐፉና በ1931ዱ ያለው የብሪጂድ ፍተሻ እዚህ የለም፤ ሳንሱሩ ነው? ደግሞ ብሪጂድ ተይዛ የምትወርድበትን የአሳንሰሩን መጨረሻ እነማን አመጡት? የመግቢያውን ታሪካዊ ጽሑፍም እውነት ነው ብለን እንውሰደው?

የመዝገብ_ሰው

ጽሑፉን በመጀመሪያ። «በ1539 የማልታ ቴምፕላር ባላባቶች» ይላል፤ ስሕተት ነው። የቴምፕላር ማኅበር በ1312 ፈርሷል። ማልታን የያዙት የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች ናቸው። ደሴቲቱን ቻርልስ 5ኛ በ1530 ሲሰጣቸው በየዓመቱ አንድ ጭልፊት እንዲገብሩ ማድረጉ ግን እውነት ነው፤ በሕይወት ያለ ወፍ። ወርቁና ዕንቁው የሃሜት ፈጠራ ነው።

ሳንሱሩን በተመለከተ፣ አዎ። የሆሊውድ ሳንሱር የሆነው የጆሴፍ ብሪን ቢሮ ስክሪፕቱን አስቀድሞ ያነብ ነበር። የ1931ዱ ፊልም የሳንሱሩ ሕግ ከመጥበቁ በፊት ስለወጣ አልፏል፤ ኋላ ግን ስቱዲዮው ዳግም ሊያሳየው ሲል ተከለከለ። በ1941 መጠጥ ይቀነስ፣ ወፉን ከሚያሳድዱት አንዱ የሆነው የካይሮ ግብረ ሰዶማዊ አኳኋን ይለዝብ፣ በስፔድና በብሪጂድ መካከል ያለው አይገለጥ ተባለ፤ የጋትማን መሐላ ሳይቀር በዛ ተብሏል። ፍተሻው የሚመጣው ጋትማን ለስፔድ ከሰጠው ገንዘብ 1,000 ዶላር ስለጠፋ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ስፔድ ልብሷን አስወልቆ ይፈትሻታል። ፊልሙ ላይ ፍተሻው ይዘለልና ስፔድ በቀጥታ ጋትማንን «አንተ ደብቀኸዋል» ይለዋል። እንዲያውም የተሻለ ነው፤ ሰውዬውን የሚያነብ ሰው መሆኑን በአንድ ንግግር አሳየ።

ካይሮን እንዴት እንዳሳለፉት ደግሞ እዩ። ምንም አይባልም። የስፔድ ቢሮ ጸሐፊ ኤፊ የጉብኝት ካርዱን ታመጣለች፣ ስፔድ ያሸተዋል፣ የጋርዲኒያ ሽታ ነው፣ ከዚያ ካይሮን የሚሠራው ፒተር ሎሬ ገብቶ የከዘራውን እጀታ ወደ ከንፈሩ ያስጠጋል። ወረቀት ላይ ለሳንሱር የሚያዝ ነገር የለም።

መጨረሻውን ልቀጥል። መጽሐፉ የሚያልቀው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ኤፊ ስፔድን ትሸሸዋለች፣ የአርቸር ሚስት ከደጅ ቆማለች። መራራ ነው፣ ግን ብሪጂድ ከሄደች በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ትዕይንት ስለሆነ ፊልሙን ያበርደዋል። ስፔድ ስለ ወፉ የሚናገራትን የመጨረሻዋን ንግግር ያቀረበው ቦጋርት መሆኑን ሂውስተን ተናግሯል። ብሪጂድን የሠራችውን ሜሪ አስተርን በተመለከተ፣ ከብዙ ትዕይንት በፊት በፍጥነት እየተነፈሰች ትገባ እንደነበር ጽፋለች፤ የውሸታም ሰው ትንፋሽ ነው። የአሳንሰሩ ትዕይንት ላይ ግን ፊቷ ደርቋል፣ ንፅፅሩን አስተውዪው።

ሌንስ_25

አሳንሰሩን ለመሥራት አሳንሰር አያስፈልግም ቤዛ፣ ተጣጣፊ የብረት በር ይበቃል። የፍርግርጉ ጥላ ፊቷ ላይ ጥርት ብሎ እንዲወድቅ መብራቱ ትንሽና ለስላሳ ያልሆነ ይሁን፣ 4 ሜትር ይራቅ፤ ፍርግርጉ ደግሞ ከፊቷ 40 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ። ጨርቅ የለበሰ ሰፊ መብራት ከተጠቀማችሁ ጥላው ይሟሟል። ወደ ታች ስትወርድ ለማስመሰል ካሜራውንም ሴትዮዋንም አታንቀሳቅሱ፤ ከላይ አግድም ሰሌዳ በመብራቱ ፊት ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ ጨለማው ከግንባሯ ወደ አገጯ ይወርዳል። አምስት ሰከንድ ያህል ይፍጅ። ከዚያ በታች ከሆነ መብራት የጠፋ ይመስላል።